ከሌዘር አይሪዶቶሚ በኋላ የሚነሣ የዓይን የፊት ክፍል ምስል፦ የሰፋ ማዕዘን ምን ያረጋግጣል?

ማዕዘኑ የጠበበ ዓይን በሌዘር አይሪዶቶሚ ከታከመ በኋላ የሚነሣው የፊት ክፍል ምስል እጅግ አሳማኝ ነው። ከሕክምናው በፊት ነፋስ እንደ ሞላው ሸራ ወደ ፊት ተነፍቶ የነበረው አይሪስ ረግቦና ተስተካክሎ ይታያል። በኮርኒያው ጠርዝና በአይሪሱ መካከል የነበረው ቀጭን ክፍተት ይሰፋል፤ መሣሪያውም ስፋቱን በማይክሮሜትር ለክቶ ያቀርባል። የፊተኛውና የኋለኛው ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሕክምናው ተሳክቷል ለማለት ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስልም። በዚህ ርእስ ላይ የሚሠሩ ብዙ አነስተኛ ጥናቶች የሚያቆሙትም እዚሁ ላይ ነው፦ ከሌዘሩ በፊት ይለካል፣ ከሌዘሩ በኋላ ይለካል፣ ልዩነቱ ስታቲስቲካዊ ትርጉም እንዳለው ይገለጻል።

ነገር ግን ግላኮማ በመጨረሻ የሚጎዳው የዓይንን ነርቭ እንጂ ማዕዘኑን አይደለም። የሕመምተኛው ጥያቄም ማዕዘኑ በስንት ማይክሮሜትር ሰፋ የሚል ሳይሆን ዓይነ ስውር እሆናለሁን የሚል ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ይበልጣል። ይህ ጽሑፍ የፊት ክፍል ምስል ከሌዘር ሕክምና በኋላ በእርግጥ የሚያሳየውን፣ የሚያሳይ መስሎ የማያሳየውን፣ እንዲሁም ልኬቱ ሊታመን የሚችልበትን ሁኔታ ይመረምራል።

የመታገዱ ሥርዓት

የዓይን ውስጥ ፈሳሽ ከአይሪሱ በስተጀርባ ባለው ሲሊያሪ አካል ይመነጫል። በሌንሱና በአይሪሱ መካከል አልፎ፣ በአይሪሱ መካከለኛ ቀዳዳ ማለትም በፒውፒል በኩል ወደ ፊተኛው ክፍል ይገባል። ከዚያም ኮርኒያና አይሪስ በሚገናኙበት ጠርዝ፣ ማዕዘን በሚባለው ሥፍራ፣ ትራቤኩላር በተባለው የማጣሪያ መረብ በኩል ይወጣል። በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ፣ በተለይም ዓይናቸው አጭር በሆነና ሌንሳቸው በዕድሜ ምክንያት በወፈረ ሰዎች ዘንድ፣ አይሪሱ ከሌንሱ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ፈሳሹ በፒውፒሉ በኩል በቀላሉ አያልፍም። ከጀርባ ያለው ግፊት ከፊተኛው ጥቂት ይበልጣል፤ አይሪሱም ወደ ፊት ይነፋና መረቡን ይሸፍናል። ይህ የፒውፒል እገዳ ይባላል።

መፍትሔው በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው፤ ለፈሳሹ ሌላ መንገድ መክፈት። አልብሬኽት ፎን ግሬፈ እ.ኤ.አ. በ1857 በቀዶ ሕክምና የአይሪስን ቁራጭ በማውጣት አጣዳፊ ግላኮማን ማከም እንደሚቻል ካሳወቀ ወዲህ ሐሳቡ አልተለወጠም። የተለወጠው መሣሪያው ነው። ዛሬ ኤንዲ ያግ በተባለው 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ሌዘር ያለ ቀዶ ሕክምና ቀዳዳው በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል። አይሪሱ ወፍራምና ጥቁር ቡናማ በሚሆንበት ጊዜ፣ ይህም በአፍሪካና በእስያ ሕዝቦች ዘንድ የተለመደ ነው፣ ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያ በአርጎን ወይም በአረንጓዴ ሌዘር ሥፍራውን ያሳሱና በኤንዲ ያግ ይጨርሳሉ።

ከዚህ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ቀዳዳው የሚፈታው የፒውፒል እገዳን ብቻ ነው። ማዕዘኑ የጠበበው በሌላ ምክንያት ከሆነ፣ ወይም ከእገዳው ጋር ሌላ ምክንያት ከተደረበ፣ ሌዘሩ በትክክል ተሠርቶም ማዕዘኑ ጠባብ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከሕክምና በኋላ የሚነሣ ምስል ዋና ጥቅሙ ይህን ለመለየት መርዳቱ ነው፤ የሌዘሩን ስኬት ለማስመስከር ብቻ ሲውል ግን ይህ ጥቅሙ ይባክናል።

ሁለት መሣሪያዎች፣ ሁለት ዓይነት እይታ

የማዕዘኑ የቁርጥ ምስል የሚነሣው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ባዮማይክሮስኮፒ፣ በአጭሩ ዩቢኤም፣ ሲሆን ቻርልስ ፓቭሊንና ባልደረቦቹ በካናዳ ቶሮንቶ በ1990ዎቹ መባቻ ያስተዋወቁት ነው። 50 ሜጋኸርዝ ገደማ ድግግሞሽ ባለው ድምፅ ይጠቀማል። እስከ 5 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ ስለሚዘልቅ ከአይሪሱ ጀርባ ያለውን ሲሊያሪ አካል ያሳያል። ድክመቱ ዓይኑን መንካቱ ነው። ሕመምተኛው ይጋደማል፤ ፈሳሽ የያዘ ኩባያ ዓይኑ ላይ ይደረጋል፤ ኩባያው ጥቂት ከተጫነ ማዕዘኑ ራሱ ቅርጹን ይለውጣል። የመጋደም ሁኔታም ሕመምተኛው ተቀምጦ ከሚመረመርበት ጋር አንድ አይደለም።

ሁለተኛው የፊት ክፍል ኦፕቲካል ኮሄረንስ ቶሞግራፊ፣ በአጭሩ ኦሲቲ፣ ነው። ጆሴፍ ኢዛትና ባልደረቦቹ ለፊተኛው የዓይን ክፍል ያዋሉት እ.ኤ.አ. በ1994 ነበር። ዛሬ ለማዕዘን ምርመራ የሚመረጡት መሣሪያዎች 1310 ናኖሜትር ብርሃን ይጠቀማሉ። ይህ ብርሃን በስክሌራ ውስጥ ከአጭሩ ሞገድ ያነሰ ስለሚበተን ማዕዘኑን ይደርስበታል፤ በዓይኑ ፈሳሽ ስለሚዋጥም ሬቲናን ለጉዳት አያጋልጥም። አንዱ ምስል 16 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ስለሚይዝ የግራና የቀኝ ማዕዘን በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ዓይኑ አይነካም፤ ሕመምተኛው ይቀመጣል፤ ክፍሉ ሊጨልም ይችላል። በቅርብ ጊዜ የመጡት የስዌፕት ሶርስ መሣሪያዎች ዙሪያውን 128 ቁርጦች በ2.4 ሰከንድ ያነሣሉ።

ይሁን እንጂ የኦሲቲ ብርሃን የአይሪሱን የኋላ ቀለማማ ሽፋን ማለፍ አይችልም። ከአይሪሱ ጀርባ ያለው ሁሉ ጥቁር ጥላ ነው። ጠባብ ሆኖ የቀረ ማዕዘን ከኋላ በሲሊያሪ አካል እየተገፋ ይሁን አይሁን ኦሲቲ በቀጥታ አይናገርም። ይህ የምስሉ ጥራት ጉድለት ሳይሆን የብርሃኑ ባሕርይ ነው፤ የበለጠ ውድ መሣሪያ በመግዛትም አይወገድም። ከዚህም ሌላ ብርሃኑ በኮርኒያው ሲያልፍ ስለሚሰበር ጥሬው ምስል የተዛባ ቅርጽ አለው። ልኬት ከመወሰዱ በፊት የስብራቱ እርማት መደረጉ መረጋገጥ አለበት። በአንዳንድ የጥናት ዘገባዎች ይህ ጨርሶ አይጠቀስም።

ልኬቱና ስሕተቱ

የማዕዘን ልኬቶች ሁሉ የሚመሠረቱት በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ነጥቡ ስክሌራል ስፐር ይባላል፤ ስክሌራው ወደ ውስጥ ጥቂት ብቅ የሚልበትና ከመረቡ በስተጀርባ የሚገኝ ጠርዝ ነው። በብዙ ጥናቶች የሚጠቀሰው የማዕዘን መክፈቻ ርቀት የሚለካው ከዚህ ነጥብ ተነሥቶ በመረቡ ግድግዳ ላይ 500 ማይክሮሜትር ወደ ፊት ተሂዶ፣ ከዚያ ለግድግዳው ቀጤ ነክ የሆነ መሥመር እስከ አይሪሱ ድረስ በመሳብ ነው። በመሥመሩ፣ በግድግዳው፣ በአይሪሱና በነጥቡ የታጠረው ስፋትም ለብቻው ይሰላል። ሌላው ልኬት የሌንስ ጉልላት ይባላል፤ የግራና የቀኝ ስክሌራል ስፐሮችን ከሚያገናኘው መሥመር ሌንሱ ምን ያህል ወደ ፊት እንደወጣ ይለካል።

ነጥቡ ሁልጊዜ አይታይም። በተለይ በላይኛውና በታችኛው የዓይን ክፍል ደብዝዞ ይታያል፤ ማዕዘኑ በተዘጋበት ዓይን ደግሞ፣ ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቦታ ማለት ነው፣ ለማግኘት ይበልጥ ያስቸግራል። የስሕተቱን ክብደት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አይሪሱ ቀጥ ያለና ማዕዘኑ 15 ዲግሪ ነው እንበል። በ500 ማይክሮሜትር ላይ የሚለካው ርቀት 134 ማይክሮሜትር ይሆናል። ለኪው ነጥቡን በ100 ማይክሮሜትር ወደ ኋላ ቢያስቀምጠው ልኬቱ ወደ 107 ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን ነጥቡ በስሕተት፣ በሁለተኛው ቀን በትክክል ቢቀመጥ አይሪሱ ቅንጣት ሳይንቀሳቀስ ማዕዘኑ 25 በመቶ ሰፋ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ለኪው የትኛው ምስል ከሌዘር በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደተነሣ እንዳያውቅ ማድረግ ጥናቱ ሊቆም የሚችልበት መሠረት ነው። በተግባር ግን ቀዳዳው በምስሉ ላይ ከታየ ምሥጢሩ ወዲያው ይገለጣል። የሚለካው ቁርጥ በቀዳዳው በኩል እንዳያልፍ መጠንቀቅ በዚህም፣ ቀዳዳው የአይሪሱን ቅርጽ ስለሚያዛባም ያስፈልጋል።

ብርሃን ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ ነው። በጨለማ ፒውፒሉ ይሰፋል፣ አይሪሱ ወደ ጠርዝ ይሰበሰባል፣ ማዕዘኑም ይጠባል። በብርሃን ተቃራኒው ይሆናል። የመጀመሪያው ምስል በጨለማ ክፍል፣ የኋለኛው በሩ ገርበብ ባለበት ክፍል ቢነሣ ልዩነቱ የሌዘሩ ሳይሆን የበሩ ሊሆን ይችላል። የብርሃኑ መጠን በሉክስ ተለክቶ መመዝገብ፣ የፒውፒሉም ስፋት ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር መቀመጥ አለበት።

ሦስተኛው ፓይሎካርፒን ነው። ከሌዘሩ በፊት አይሪሱን ለመወጠርና ለማሳሳት የሚጨመረው ይህ ጠብታ ፒውፒሉን ለሰዓታት ያጠባል፤ ሌንሱንም ጥቂት ወደ ፊት ያመጣል። ሌዘሩ በተሠራበት ዕለት የሚነሣ ምስል የጠብታውንና የቀዳዳውን ውጤት አደባልቆ ያሳያል። በዚያው ሰዓት በፊተኛው ክፍል ውስጥ የተበተነ ቀለምና መለስተኛ ብግነትም አለ። በዕለቱ መለካት ያለበት የዓይን ግፊቱ ነው፤ ከሌዘር በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግፊቱ ድንገት ሊያሻቅብ ይችላልና። ለማዕዘኑ ልኬት ግን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መቆየት ይሻላል።

በአራተኛ ደረጃ የሚመጣው ከመሣሪያው ይልቅ ከጥናቱ አወቃቀር የሚመነጭ ነው። ለሌዘር የሚመረጡት ማዕዘናቸው በመጀመሪያው ልኬት ጠባብ ሆኖ የተገኘ ዓይኖች ናቸው። ማንኛውም ልኬት ስሕተት ስላለው፣ እጅግ ዝቅ ብሎ የተገኘ ውጤት በሁለተኛው ጊዜ ሲለካ ያለምንም ሕክምና ወደ አማካዩ ይመለሳል። ንጽጽር የሌለው የፊትና የኋላ ጥናት ይህን ከሌዘሩ ውጤት ሊለይ አይችልም። የአንድ ሰው ሁለት ዓይኖች ልኬትም ተለያይተው የቆሙ ሁለት ማስረጃዎች ሆነው ሊቆጠሩ አይገባም፤ 40 ሰዎች 80 ዓይን አላቸው ማለት 80 ነጻ ምልከታ አለ ማለት አይደለም።

የሚለወጠውና የማይለወጠው

እነዚህ ጥንቃቄዎች ከተደረጉ ምስሉ የሚያሳየው ለውጥ ግልጽና ተደጋጋሚ ነው። የአይሪሱ ጉብታ ይቀንሳል፤ የማዕዘኑ መክፈቻ ርቀትና ስፋት ይጨምራል። የመካከለኛው የፊተኛ ክፍል ጥልቀት፣ ማለትም ከኮርኒያው መሐል እስከ ሌንሱ ያለው ርቀት፣ ግን ብዙም አይለወጥም። ምክንያቱም ሌንሱ ከቦታው አልተነሣም። ከየዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ዋናው ልዩነት ይኸው ነው፤ በዚያኛው ወፍራሙ ሌንስ ወጥቶ በቀጭን ሰው ሠራሽ ሌንስ ስለሚተካ ክፍሉ ሁሉ ይጠልቃል።

በቻይና ጓንግጆ ከተማ በተደረገ ጥናት፣ አይሪዶቶሚ ከተሠራላቸው ጠባብ ማዕዘን ካላቸው ዓይኖች ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ በጎኒዮስኮፒ ሲታዩ ማዕዘናቸው አሁንም የተዘጋ ነበር። ቀዳዳው ክፍት ነው፤ ማዕዘኑ ግን አልተከፈተም። ለምን እንደሆነ ምስሉ ይረዳል። አይሪሱ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጥ ብሎ የሚነሣና ማዕዘኑን የሚዘጋ ከሆነ ፕላቶ አይሪስ ይጠረጠራል። ይህን ለማረጋገጥ ወደ ፊት የዞረውን ሲሊያሪ አካል የሚያሳየው ዩቢኤም ነው። በሲንጋፖር ከአይሪዶቶሚ በኋላ በዩቢኤም በተመረመሩ የማዕዘን መዘጋት ተጠርጣሪዎች ዘንድ ይህ ሁኔታ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ተገኝቷል። የአይሪሱ ጠርዝ ራሱ ወፍሮ ተጠቅልሎ ማዕዘኑን የሚሞላበት ሁኔታም አለ። የሌንስ ጉልላት ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ተጠያቂው ሌንሱ ነው፤ ለዚህኛው ተጨማሪ ሌዘር ማድረግ ብዙ አይረዳም።

እዚህ ላይ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚወያዩበት አንድ ነጥብ አለ። ኦሲቲ ከጎኒዮስኮፒ የበለጠ የተዘጉ ማዕዘኖችን ያገኛል። አንዳንዱ ይህን የመሣሪያው ከመጠን ያለፈ ጥርጣሬ ነው ይላል፤ ሌላው ጎኒዮስኮፒ በብርሃኑና በሌንሱ ግፊት ማዕዘኑን ስለሚከፍት ነው ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ኦሲቲ ያየውን መዝጋት ዓይነት አለመለየቱ ነው። አይሪሱ መረቡን የነካ ነው ወይስ በጠባሳ የተጣበቀ? በአንድ ቋሚ ምስል ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ሕክምናቸው ግን አይመሳሰልም፤ የነካው ሊላቀቅ ይችላል፣ የተጣበቀው በቀዳዳ አይላቀቅም። ይህን የሚለየው ኮርኒያውን በሌንሱ ቀስ ብሎ በመጫን ማዕዘኑን የሚያስከፍተው የግፊት ጎኒዮስኮፒ ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ርካሽ፣ ግን ልምድ የሚጠይቅ ምርመራ ነው። ኦሲቲ ያላት ክሊኒክ ይህን ልምድ ብታጣ አተረፈች ለማለት ያስቸግራል።

ሌላው አሳሳች ነገር የመሥመሩ አቅጣጫ ነው። በአግድም የሚነሣ ቁርጥ የዐይን ሽፋን ስለማይከለክለው ቀላልና ጥርት ያለ ነው። ብዙ ዘገባዎችም በእሱ ብቻ ይወሰናሉ። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ ጠባቡ የላይኛው ማዕዘን ነው፤ መጣበቅም በዚያ በኩል ይበዛል። ሽፋኑ በጣት ተነሥቶ የሚነሣው ቀጤ ነክ ቁርጥ ይበልጥ አድካሚ ቢሆንም፣ ጣቱ ዓይኑን እንዳይጫን እየተጠነቀቁ ማንሣት ይገባል።

ከማዕዘን ወደ ውጤት

የሰፋ ማዕዘን ከበሽታ ይጠብቃልን? ለዚህ ጥያቄ እጅግ የተሟላ መልስ የሰጠው የዞንግሻን የማዕዘን መዘጋት መከላከያ ጥናት ነው። በጓንግጆ ተካሂዶ በላንሴት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 70 የሆኑ፣ በሁለቱም ዓይኖቻቸው የማዕዘን መዘጋት ተጠርጣሪ የሆኑ 889 ሰዎች ተሳትፈዋል። ለእያንዳንዱ ሰው አንዱ ዓይን በዕጣ ተመርጦ አይሪዶቶሚ ተሠራለት፤ ሌላው ንጽጽር ሆነ። ከላይ የተነሣው ወደ አማካይ የመመለስ ችግር በዚህ ንድፍ ተወግዷል፤ የሰውየው ዕድሜ፣ የዓይኑ መጠን፣ የአይሪሱ ቀለም ሁሉ በሁለቱም ጎን እኩል ነውና።

በ6 ዓመት ክትትል ውስጥ ከታከሙት ዓይኖች 19፣ ካልታከሙት 36 ወደ ማዕዘን መዘጋት ደረሱ። ይህ ማለት በ1000 የዓይን ዓመት 4.19 እና 7.97 ነው። ሌዘሩ አደጋውን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ነገር ግን አደጋው ራሱ ትንሽ ነበር። ከሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ሲሰላ፣ በ6 ዓመት ውስጥ አንድ ዓይን ከማዕዘን መዘጋት ለማዳን 44 ያህል ዓይኖችን መብሳት ያስፈልጋል። ከተመዘገቡት ክስተቶች አብዛኞቹም የአይሪስ መጣበቅ እንጂ የእይታ ማጣት አልነበሩም። አጥኚዎቹ ስለዚህ ለተጠርጣሪዎች ሁሉ በስፋት ሌዘር መሥራትን አልመከሩም።

በዚያው ጥናት የተሳታፊዎቹ ማዕዘን በፊት ክፍል ኦሲቲ ተከታትሎ ተለክቷል። ከሌዘሩ 2 ሳምንት በኋላ ማዕዘኑ በጉልህ ሰፍቶ ነበር፤ እስከ 6 ወር ድረስም ጸና። በ18ኛው ወር ግን እንደገና መጥበብ ጀምሮ ነበር። ያልታከሙት ዓይኖችም በዚሁ ጊዜ ይጠቡ ነበር። ቀዳዳው አልተዘጋም፤ ሌንሱ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ማደጉን አላቆመም። በሁለተኛው ሳምንት ተነሥቶ በመዝገቡ ውስጥ የተቀመጠ ውብ ምስል ከሁለት ዓመት በኋላ ስላለው ዓይን አይመሰክርም ማለት ነው። አብዛኞቹ አነስተኛ ጥናቶች ግን ክትትላቸው ማዕዘኑ ገና ሰፊ በሆነበት በዚያ ወቅት ያበቃል።

የእንግሊዝና የእስያ ሆስፒታሎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ኢግል የተሰኘ ጥናት ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አየው። ማዕዘናቸው ተዘግቶ ግፊታቸው ከፍ ያለ ወይም ግላኮማ ያለባቸው 419 ሰዎች፣ ሞራ ሳይኖርባቸው፣ ግማሾቹ ሌንሳቸው እንዲወጣ፣ ግማሾቹ በሌዘርና በተለመደው ሕክምና እንዲታከሙ ተደረገ። ከ3 ዓመት በኋላ አማካይ ግፊቱ ሌንሳቸው በወጣው ዘንድ 16.6፣ በሌዘር በታከሙት ዘንድ 17.9 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነበር፤ የሕይወት ጥራት ልኬቱም ለመጀመሪያዎቹ አደላ። ከሌዘር በኋላ በሚነሣ ምስል ላይ ከፍ ያለ የሌንስ ጉልላት ማየት የሚጠቅመው ከዚህ የተነሣ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ምን መሆን እንዳለበት ከማዕዘኑ ስፋት ይልቅ ጉልላቱ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል።

ሌሎች የሌዘር ሕክምናዎች

ሁሉም የግላኮማ ሌዘር በምስል የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ለክፍት ማዕዘን ግላኮማ የሚውለው ሴሌክቲቭ ሌዘር ትራቤኩሎፕላስቲ 532 ናኖሜትር ብርሃንን በ3 ናኖሰከንድ ምት ወደ መረቡ ይልካል። በመረቡ ውስጥ ያሉትን ቀለም የያዙ ሕዋሳት ብቻ ስለሚነካ ጠባሳ አይተውም ማለት ይቻላል። የፊት ክፍል ኦሲቲ በፊትም በኋላም ያው ማዕዘን ያሳያል። ስኬቱ የሚታወቀው በግፊት መለኪያ ብቻ ነው፤ በምስል ውጤቱን እናረጋግጣለን የሚል የጥናት ሐሳብ ካለ ከመነሻው ሊመረመር ይገባዋል። በአርጎን ሌዘር የአይሪሱን ጠርዝ በማኮማተር ማዕዘኑን የሚከፍተው አይሪዶፕላስቲ ግን በምስል ይታያል፤ ለፕላቶ አይሪስ ከአይሪዶቶሚ በኋላ የሚታሰበውም እሱ ነው። ሲሊያሪ አካልን በሌዘር የማቃጠል ሕክምና ውጤት ለማየት ከዩቢኤም ሌላ መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ለሚደረግ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት በኢትዮጵያ የዓይነ ስውርነት ስርጭት 1.6 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ከምክንያቶቹ ግላኮማ 5.2 በመቶውን ይይዝ ነበር። በትራኮማ ምክንያት የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ ደግሞ 11.5 በመቶውን። ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻ ቢነበቡም በአንድ ዓይን ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ኮርኒያው በጠባሳ በነጣ ዓይን ጎኒዮስኮፒ አይቻልም፤ የኦሲቲ ብርሃንም ጠባሳው ጥቅጥቅ ባለበት ይዳከማል። ሌዘሩም ቢሆን በጠባሳው በኩል አነጣጥሮ መተኮስ አይችልም። እንዲህ ባለ ዓይን ላይ ማዕዘኑን ሊያሳይ የሚችለው ድምፅ እንጂ ብርሃን ስላልሆነ፣ ውጭ አገር እየተተወ ነው የሚባለው ዩቢኤም በትራኮማ አካባቢዎች ለሚሠራ ተመራማሪ ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ አይደለም።

ሁለተኛው አገራዊ ጉዳይ የፕሱዶኤክስፎሊየሽን በሽታ ነው። በኢትዮጵያ የዓይን ክሊኒኮች በሞራና በግላኮማ ሕመምተኞች ዘንድ በተደጋጋሚ ይገኛል። በሽታው ሌንሱን የሚይዙትን ጅማቶች ያላላል፤ ሌንሱም ወደ ፊት ሊንሸራተትና ማዕዘኑን ሊያጠብ ይችላል። በእንዲህ ያለ ዓይን ላይ የተሠራ አይሪዶቶሚ ለጊዜው ማዕዘኑን ሊያሰፋ፣ ሌንሱ ግን በኋላ ሊያጠበው ይችላል። የቻይናውንና የሲንጋፖሩን ውጤት እንዳለ ወደዚህ ማምጣት የማይቻለውም በዚህ ነው፤ እነዚያ ሕዝቦች ዘንድ ለማዕዘኑ መጥበብ የሚያበቃው የዓይን አሠራር ከዚህኛው ጋር አንድ ነው ተብሎ ሊታሰብ አይገባም።

ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚመጥን ጥናት ከእነዚህ ነጥቦች ሊወጣ ይችላል። ናሙናው ብዙ መሆን አያስፈልገውም። ምስሉ ከሌዘሩ በፊት ፓይሎካርፒን ሳይጨመር፣ ከዚያም በ2 ሳምንት፣ በ6 ወርና በ18 ወር፣ በተለካ ጨለማና በተለካ ብርሃን፣ በአራቱም አቅጣጫ ይነሣል። ስክሌራል ስፐር ያልተገኘባቸው ምስሎች ከሰንጠረዡ ተሰርዘው አይቀሩም፤ ቁጥራቸው ይገለጻል፣ ምክንያቱም አስቸጋሪዎቹን ማስወገድ የቀሩትን ያሳምራል። ምስሉን ያላየ ሐኪም የግፊት ጎኒዮስኮፒ ይሠራል። የሌንስ ጉልላትና የፕሱዶኤክስፎሊየሽን መኖር አለመኖር ይመዘገባል። በየቀጠሮው የዓይን ግፊትና የነርቩ ሁኔታ ይታያል።

አስቸጋሪው 18ኛው ወር ነው። ከገጠር መጥቶ በአንድ ቀን ታክሞ የተመለሰ ሰው ዓይኑ አይቆጠቁጠውም፣ እይታውም አልተለወጠም፤ ምስሉ ላይ ጣት እያሳዩ ተሳክቷል ያሉት ደግሞ ሐኪሞቹ ናቸው። እንዲህ የተነገረው ሰው ለምን ተመልሶ ይመጣል? በመጀመሪያው ዕለት ለሕመምተኛው የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ቀዳዳው ድንገተኛ መዘጋትን ለመከላከል እንደሆነና ሌንሱ እያደገ ሲሄድ ማዕዘኑ እንደገና ሊጠብ እንደሚችል በግልጽ ከያዘ፣ የክትትሉ መቶኛ ሊሻሻል ይችላል። በጥናቱ ሰነድ ውስጥ ማብራሪያው በቃል እንዴት እንደሚነገር መጻፍ፣ የመሣሪያውን ዓይነትና የሞገዱን ርዝመት ከመጻፍ ያላነሰ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።